ሚስማር በአፍ

ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ወዲያ የሚሠራውን ሥራ የማውቀው በጆሮዬ ነበር።

ባለቤቴ ሶፋ ሠሪ ነበር። ሥራ ቤቱ አንድ ረጅም አዳራሽ ሆኖ መሀሉ በኮምፔንሳቶ የተከፈለ ነው። በወዲያኛው ክፍል ወንዶቹ እንጨቱን ያያይዛሉ፣ ጥጥና ስፖንጅ ይሞላሉ፣ ጨርቁን ወጥረው በሚስማር ይመታሉ። በወዲህኛው ክፍል ሴቶቹ ጨርቁን ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ። በመካከል መቆለፊያ የሌለው አንድ በር አለ። ወንድ ሲገባ ገፍቶት ይገባል፤ ሴት ስትገባ አንኳኩታ ትጠብቃለች። ደንቡን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

በዚያ ቤት ሚስማር የሚያዘው በአፍ ነው። አንዱ እጅ ጨርቁን ይወጥራል፣ ሌላው መዶሻውን ይይዛል፤ ሦስተኛ እጅ የለም። ስለዚህ ሠራተኛው ከቆርቆሮው ትንንሽ ሚስማሮች ዘግኖ አፉ ውስጥ ይጨምራል። ምላሱ አንዱን ለይቶ፣ አዙሮ፣ ከንፈሩ ላይ ያቀርበዋል። የመዶሻው አንድ ጫፍ ማግኔት ነው። ሚስማሩን ከከንፈሩ ላይ ለቅሞ ጨርቁ ላይ ይተክለዋል፣ በሌላው ጫፍ ይመታዋል። ጠቅ፣ ጧ። ጠቅ፣ ጧ። እጁ የተፈታ ባለሙያ ከሆነ ጉርሻው እስኪያልቅ ድምፁ አይቆራረጥም። ሲበቃው የተረፈውን ወደ ቆርቆሮው ይተፋዋል። ቆርቆሮው የጋራ ነው።

ሚስማሩን ከሳህን ላይ በጣቱ የሚያነሣ ሰው ግን ጨርቁን መልቀቅ፣ ማንሣት፣ እንደገና መወጠር አለበት። በሁለት ሚስማር መካከል አንድ ትንፋሽ የሚያህል ዝምታ ይገባል። እንዲህ የሚሠራው ጀማሪ ብቻ ነው። በግድግዳው በኩል ሁለቱን ድምፆች ለመለየት ሦስት ቀን በቅቶኛል።

ወደ ሥራ ቤቱ የገባሁት ወረርሽኙ መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ዓሥራ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ከማይ ብዬ፣ ከእናቴ የቀረልኝን ስፌት ይዤ ሴቶቹ ክፍል ገባሁ። የመጀመሪያውን ቀን «የጌታው ሚስት» አሉኝ፤ በሦስተኛው ቀን «ቲቸር» ሆንኩ። ከሴቶቹ ሁሉ ታላቋን «እትዬ» እንላታለን፤ ማንበብ አትችልም፣ ግን ጨርቅ በዓይኗ ለክታ ስትቆርጥ ሜትሩ ያፍራል። ታናሿን «ትንሿ» እንላታለን፤ ከሁላችንም ረጅም ናት።

ስለ ባለቤቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አንዱ ሳንባው ደካማ ነበር። ልጅ ሳለ ያመመው ነገር አኮማትሮት ቀርቷል። ደረጃ ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር። ክር የሌለው ጫማ ባደረገበት ቀንም ያስር ነበር። እኔም ቆሜ ቦርሳዬ ውስጥ ቁልፍ እፈልጋለሁ፤ ቁልፉ እጄ ላይ ነው። ወረርሽኙ በገባ ሳምንት የሚከታተለው ሐኪም ሁለታችንንም አስቀምጦ፣ «እንዳይይዝህ ነው እንጂ ከያዘህ በኋላ እኔ የምሠራልህ ብዙ የለኝም» አለው። ባለቤቴ አመሰገነው። ስንወጣ፣ «ጥሩ ሰው ነው፣ አይዋሽም» አለኝ።

የሴቶቹ ክፍል በቶሎ ነው የተለወጠው። ማንም አላዘዘም። እትዬ ከሬዲዮ የሰማችውን ይዛ መጣች፣ እኔ የማውቀውን ጨመርኩ። የስፌት መኪኖቹን አራራቅናቸው። ከተረፈ ገበር ሦስት ድርብ እያደረግን ማስክ ሰፋን። መስኮቱን ከጠዋት እስክንወጣ ከፍተን መሥራት ጀመርን፤ አቧራ ይገባል፣ ይግባ። በር ላይ ባልዲና ሳሙና ተቀመጠ። ትንሿ እጇን ሳትታጠብ ከገባች እትዬ ክንድ የሚያህል መቀስ ይዛ ታሳድዳታለች።

ለወንዶቹም ሰፍተን ነበር። ዓሥራ ሁለት ማስክ አጣጥፈን በበሩ ላክንላቸው። አንዱን የቫርኒሽ ብሩሽ ሲጠርጉበት አየሁት።

ወንዶቹ ክፍል መስኮት አይከፈትም። ነፋስ ከገባ ጥጡ ይበናል፣ ቫርኒሹ ላይ ይለጠፋል። ይህ እውነት ነው፤ የሥራው ጠባይ ነው። ግን በዚያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስድስት ወንዶች አፋቸውን ከፍተው ቀኑን ሙሉ ይተነፍሱ ነበር።

የሥራ ቤቱ ባለቤት በወረቀት ባለቤቴ ነው። በተግባር ግን ጋሼ መዶሻ ናቸው። ባለቤቴን ከልጅነቱ ጀምረው ሙያ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አባቱ ቶሎ ስለሞቱበት አባቱም እሳቸው ነበሩ። ሰባ ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም፤ ጥርሳቸው ግን አንድም አልወለቀም። «ብረት ነው ያጠነከረው» ይላሉ። ባለቤቴ ማንም ሰው ሲጣራ «አቤት» ይላል፤ ጋሼ ሲጣሩ ግን ብድግ ይላል።

ከሁለት ወር በኋላ የሶፋ ትእዛዝ ቆመ። በምትኩ የሬሳ ሣጥን ገበር መጣ። ሣጥኑን ሌላ ቦታ ይሠሩታል፤ ውስጡን በጨርቅ ማልበስ የእኛ ሆነ። ሴቶቹ ነጩን ጨርቅ እየሸበሸብን እንሰፋለን፣ ወንዶቹ ሣጥኑ ውስጥ ወጥረው በሚስማር ይመታሉ። ለሶፋ ስንሰፋ እንዘፍን ነበር። ለዚህ አልዘፈንም። ስንት እንደሆነም አልቆጠርንም፤ እትዬ፣ «የሚቆጥረው ይቁጠረው» አለች።

መጀመሪያ የሞከርነው ሳንናገር ማዳን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ሣጥን ሊያደርሱ ሲወጡ፣ እትዬ የሚስማሩን ቆርቆሮ አምጥታ ድስት ውስጥ ገለበጠችው። በሳሙና ቀቀልነው፣ አጥበን ጨርቅ ላይ አሰጣነው፣ መልሰን ቆርቆሮው ውስጥ ከተትነው። ባዮሎጂ እንጂ ኬሚስትሪ አላስተማርኩም ልበል? በነጋታው ሚስማሩ ሁሉ ዝጎ ተገኘ።

ከግድግዳው ወዲያ መጀመሪያ ምራቅ የመትፋት ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሳቅ።

«ሾርባ ሠርተውልን ነው!» አሉ ጋሼ መዶሻ። «የሚስማር ሾርባ! ልጄ፣ ሚስትህን ጨው አንሶታል በልልኝ።»

በዚያ ቀን ባለቤቴ ወደ እኛ ክፍል አልመጣም። እቤት ስንደርስ፣ «በሰው ፊት አሳቅሽብኝ» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ግን ራሱ አነሣው።

«እየሠራሁ እንዴት አድርጌ ነው አፌን የምሸፍነው? ሚስማሩን የት ላድርገው፣ ጆሮዬ ላይ ልሰካው?»

«ሳህን ላይ አድርገው።»

«እንደ ጀማሪ?»

«እንደ ጀማሪ። ጀማሪ ሆነህ ብትኖርልኝ ምን ይጎድልብሃል?»

ሻዩን አማሰለ፤ ስኳር አልጨመረበትም። «ቲቸር ያገባ ሰው ተማሪ ካልሆነ ማን ይሆናል» አለ። ቃል ግባልኝ አልኩት፤ ገባ። ማስኩን እኔው አሰርኩለት። ጆሮው ላይ የሚያርፈውን ክር አላላሁለት፣ የሚቀላ ጆሮ ነበረው።

በዚያ ቀን በግድግዳው በኩል የሰማሁትን ዛሬም እሰማዋለሁ። ጠቅ፣ ጧ። ዝምታ። ጠቅ፣ ጧ። ዝምታ። ከሌሎቹ መዶሻዎች መካከል አንዱ ብቻ እንደሚያስብ ሰው እየቆመ ይሄድ ነበር። ድምፁ በጠፋኝ ቁጥር እግሬ ሳላስበው ከፔዳሉ ላይ ይነሣና መኪናዬ ይቆማል፤ እንደገና ስሰማው እቀጥላለሁ። ትንሿ አየችኝና፣ «ቲቸር ዛሬ ከማስኩ በላይ ነው የምትስቀው» አለች።

አራት ቀን እንዲህ ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ለዘጠኝ ሰዓት የሚደርሱ ሣጥኖች ነበሩ። ግድግዳው ስስ ነው፤ የሚባለው ሁሉ ይሰማል።

«ምነው ልጄ፣ መዶሻህ ተንተባተበ?» አሉ ጋሼ።

«እየተለማመድኩ ነው ጋሼ።»

«ከሠላሳ ዓመት በኋላ? እኔ ያስተማርኩህን ማን አስረሳህ?»

«ቲቸር ናታ!» አለ ጥጥ የሚሞላው ልጅ። ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ሁልጊዜ ነጭ ስለሆነ አመዶ ይሉታል። «ጋሼ አይፍረዱበት፣ እቤት ፈተና አለበት።»

ሳቁ። ባለቤቴም ሳቀ፤ ሳቁን ለይቼ አውቀዋለሁ።

«ሴት የላከው ሞት አይፈራም ሲባል ነበር የማውቀው» አሉ ጋሼ። «ሴት ያፈነችውን ግን ገና ዛሬ አየሁ። በል ያቺን የአፍ ሽርጥ አውልቅና እንደ ሰው ሥራ። ሙታኑ ሰልፍ ይዘው እየጠበቁህ ነው።»

«እሺ ጋሼ፣ ይቺን ልጨርስና…»

«ልጄ! ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል። አንተን ያሳደግሁህ በዚህ አፍ ነው፤» አፋቸውን መታ መታ ሲያደርጉ ተሰማኝ፤ «እስካሁን ማንን ገደለ?»

ከዚያ የቆርቆሮው ድምፅ፣ ሚስማር ሲዘገን። ከዚያ፦ ጠቅ፣ ጧ፣ ጠቅ፣ ጧ፣ ጠቅ፣ ጧ። ዝምታው ጠፋ።

መኪናዬ ቆመ። እትዬ ቀና ብላ አየችኝ። እሷም ትሰማ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አልነገረችኝም።

«ሂጂ» አለችኝ።

«አሁን?»

«አሁን ነዋ። አንኳኩተሽ ግቢና፣ አውጣው በዪው።»

«በሰው ፊት እትዬ? እቤት እነግረዋለሁ።»

«እቤት የምትነግሪው ሌላ ሰው ነው» አለች እትዬ።

ተነሣሁ። በሩ ከመኪናዬ አምስት እርምጃ ነው። እጄን ለማንኳኳት አንሥቼ ነበር። የሚስማሩ ሾርባ ትዝ አለኝ፣ «አሳቅሽብኝ» ያለው ትዝ አለኝ። ሁለተኛ አዋርደዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ክሩን አስገባሁ፣ ፔዳሉን ረገጥኩ። መኪናው ተነሣ።

ማምሻውን ስንወጣ ማስኩ አፉ ላይ ነበር። ያጠፍኩት እጥፋት እንኳ አልተበላሸም፤ ቀኑን ሙሉ ኪስ ውስጥ የዋለ ጨርቅ ነው። «አደረግክ?» አልኩት። «አድርጌ ነበር» አለኝ። በመዶሻው እንደማውቅበት ብነግረው ኖሮ የምሰልለው ይመስለው ነበር። ወይም ነገ ድምፁን እያሳሳተ ይመታል፣ እኔም ጆሮዬን አጣለሁ። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የተማረ ሰው ራሱን ለማሳመን ብዙ ቃል አለው።

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጠይቅ ይዛ መጣች። ወንድና ሴት ስለ በሽታው ምን ያህል እንደሚያውቁ፣ ምን ያህልስ እንደሚጠነቀቁ ታጠናለች። ግቢው ውስጥ ሁለት ወንበር አራርቃ አስቀመጠችና አንድ በአንድ ጠራችን። እኔ ጨርቅ እያጠፍኩ አጠገባቸው ነበርኩ።

እትዬን፣ «በሽታው በምን በምን ይተላለፋል?» አለቻት።

«ልጄ፣ ሲተላለፍ እኔ አላየሁት። የሰው አፍ ላይ አፌን አልደቅንም፣ በቃ።»

«ምልክቶቹን ቢዘረዝሩልኝ?»

«የያዘው ይዘርዝርልሽ።»

ልጅቷ ሳቀችና «አላውቅም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። አየኋት። እትዬ ማስኳን አስተካክላ ወደ ባልዲው ሄደች።

ጋሼ መዶሻ፣ «ይህ በሽታ የቢሮ ሰው ነው የሚይዘው፤ ብረት የለመደ አፍ አይደፍርም» አሉ። «ቀኑ ካልደረሰ ሚስማር ብትውጪ አትሞቺም። ጻፊው እንዳልኩሽ፣ እንዳትቀንሺብኝ።»

ከዚያ ባለቤቴ ተቀመጠ። ልጅቷ ጠየቀችው፤ እሱ መለሰ። በምን ይተላለፋል? በትንፋሽ፣ ይልቁንም በተዘጋ ክፍል ውስጥ። ምልክት ሳይታይ ያስተላልፋል? አዎ፣ እንዲያውም ያን ጊዜ ነው። ማን ላይ ይከብዳል? በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ የሳንባ ሕመም ያለባቸው። ቃሉ ሁሉ የእኔ ነበር። ቁርስ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ምሳ ዕቃ ሳስርለት ያልኩትን ሁሉ አንድም ሳይጥል ይዞታል። የማይሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

«በሥራ ቦታዎ ማስክ ያደርጋሉ?» አለችው። «ሁልጊዜ፣ አልፎ አልፎ፣ በፍጹም።»

ማስኩ አገጩ ሥር ነበር። ለአፍታ ወደ እኔ አየ።

«ሁልጊዜ» አለ።

ልጅቷ ጻፈች። «ከወንዶች መካከል እንደ እርስዎ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም» አለችው። ፈገግ አለ፣ ጆሮው ቀላ። እኔ ነጩን ጨርቅ አራት አጥፌ፣ ስምንት አጥፌ፣ ወደ ውስጥ ገባሁ።

በዚያ ክፍል ሳል ዜና አይደለም። ጥጥ ያለበት ሁሉ ያስላል። አመዶ ሲያስል ሁለት ቀን ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ «ጥጥ ጎርሰህ ነው፣ ውሃ ጠጣ» አሉት። ጠጣና ኩባያውን አስተላለፈ። በሦስተኛው ቀን ትከሻዬን ቆረጠመኝ ብሎ ቀረ። እኛ ክፍል በግድግዳው በኩል ሳሉን ስንሰማ ጥጥ አይደለም ብለን ነበር፤ እርስ በርሳችን። ባለቤቴን ያን ቀን፣ «ነገ አትሂድ» አልኩት። «ስድስት ሣጥን አለ» አለኝ። «ስድስት ቤተሰብ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ እኔ ሳል ፈርቼ ልቅር?»

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ መዶሻ ሲሠሩ ሲሠሩ ቆሙ።

«ይኼ ሚስማር ምነው ውሃ ውሃ አለኝ?» አሉ።

«እንዴት ጋሼ?»

«እንጃ። ብረት ብረት አይልም። እነ ቲቸር ደግሞ ቀቀሉት እንዴ?» ሳቁ። «ሃምሳ ዓመት ጎርሼዋለሁ፣ ጣዕሙ ሲጠፋኝ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።»

እትዬ መቀሷን አስቀመጠች። እኔ አላንኳኳሁም፤ በሩን ገፍቼ ገባሁ። አምስቱም ዞረው አዩኝ። ጥጡ በነፋሱ ብን አለ። «ና እንሂድ» አልኩት ባለቤቴን። «አሁን። ሁላችሁም ውጡ።» ባለቤቴ ዓይኔን አየና ሚስማሩን ቆርቆሮው ውስጥ ተፍቶ ተከተለኝ። ማንም አልሳቀም። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ለካ፣ ደግሞ፣ ረፍዷል። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ጀመረው። በስድስተኛው ቀን ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ የጫማ ክር አሰረ፤ ባዶ እግሩን ነበር። ሆስፒታል ስናደርሰው በር ላይ እሱን ተቀብለው እኔን መለሱኝ። ጋሼ መዶሻ ሳምንት ተኝተው ተነሡ። አመዶ ቀድሞ ድኗል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ክፍል ውስጥ ብጠየቅ ላስረዳ እችላለሁ።

ወደ ሕክምናው ክፍል ዘመድ አይገባም። አንዲት ነርስ ነበረች፤ በቀን አንድ ጊዜ ስልኳን ጆሮው ላይ ትይዝለታለች። መጨረሻ በተነጋገርንበት ቀን ድምፁ ሩቅ ነበር። አንድ ቃል ይልና ይቆማል፤ ኦክስጅኑ ሲያፏጭ ይሰማኛል፤ ደግሞ አንድ ቃል ይላል።

«ትሰሚ ነበር… አይደል?»

«ምኑን?»

«መዶሻውን።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

«እኔም… እሰማሽ ነበር። መኪናሽን።» ብዙ ቆየ። «የዚያን ቀን… ሚስማሩን የጎረስኩ ቀን… መኪናሽ ቆመ። መጣች አልኩ። በሩን ሳይ… ነበር። አንኳኩታ ስትገባ… እተፋዋለሁ አልኩ።»

«ቆይ፣ አትናገር፣ ይደክምሃል።»

«ከዚያ… መኪናሽ ተነሣ። እሺ… አለች ማለት ነው… አልኩ።»

«እሺ አላልኩም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «አሁን… አውቃለሁ።»

ነርሷ፣ «ይበቃቸዋል» አለችኝ። ይበቃዋል አልኩ። በማግስቱ በስልኩ ያናገረችኝ እሷ ብቻ ናት።

ሣጥኑን የኛው ሥራ ቤት አለበሰው። ሌላ ቦታ ይሠራ የሚል ሰው ነበር፤ ጋሼ መዶሻ፣ «ሬሳዬን ተራምዳችሁ» አሉ። ሬሳውን አሽገው ነው የሚቀብሩት፤ ገበሩን ማንም አያየውም፤ ቢሆንም ሴቶቹ ሽብሽቡን እንደ ሠርግ ልብስ አጠጋግተው ሰፉት። እትዬ እኔን ከመኪናው ልታስነሣኝ ሞከረች፣ እምቢ አልኩ። ዙሪያውን እኔ ሰፋሁ። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ነው የወጣው።

ጨርቁን በበሩ አቀበልን። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ብቻ ነበር። መስኮቱ ሲከፈት ሰማሁ፤ ማጠፊያው ከስንት ዘመን በኋላ ጮኸ። ሳህን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ።

ጠቅ፣ ጧ። ዝምታ። ጠቅ፣ ጧ። ዝምታ።

ጋሼ መዶሻ ከሳህን እያነሡ ይመቱ ነበር። ዝምታው ከባለቤቴ ዝምታ ይረዝማል፤ ጣታቸው አርጅቷል፣ ሚስማሩ ያመልጣቸዋል፣ መሬት ላይ ሲፈልጉት ይሰማል። አንድ ጊዜ ጣታቸውን መቱትና አቃሰቱ። እኛ ሦስታችን እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ተቀምጠናል። አንዱን ጎን ጨረሱ። ዞረው ሌላውን ጀመሩ።

መሀል ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጠቅ፣ ጧ፣ ጠቅ፣ ጧ፣ ጠቅ፣ ጧ። ዝምታው የለም።

ትንሿ፣ «ውይ» አለች። እትዬ አላየችኝም፤ መሬት መሬት አየች።

ተነሥቼ በሩን ገፋሁት። ጋሼ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ማስካቸው ወደ አገጫቸው ወርዷል፤ ጉንጫቸው በሚስማር ተነፍቷል። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፣ እሳቸው ግን እየሠሩ ናቸው። የጎረሱት እንኳ አልታወቃቸውም ነበር። ሃምሳ ዓመት የለመደ አፍ ነው። ጥጡ በክፍሉ ውስጥ በረዶ መስሎ ይበናል።

እጄን ከአገጫቸው ሥር ዘረጋሁ።

«ይትፉት ጋሼ» አልኳቸው።

አዩኝ። እጄን አዩት። ከዚያ ነው የገባቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ደግሞ ብዙ ሆኖ መዳፌ ላይ ወደቀ። ሞቃትና እርጥብ ነበር። ይኼን ያህል ቀላል ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር፣ ክብደቱን ማለቴ ነው።

«ልጄን…» አሉና አልጨረሱትም።

ማስካቸውን ወደ ላይ አደረግሁላቸው። ሚስማሮቹን ባልዲ ውስጥ ጣልኩ፣ እጄን ታጠብኩ። ተመልሼ በሣጥኑ ወዲያኛው በኩል ቆምኩና ሳህኑን አነሣሁ።

«ይምቱ» አልኳቸው።

የቀረውን አንድ በአንድ እያቀበልኳቸው ጨረስን። ጊዜ ወሰደ።